የሥነ ሕይወት ክበብ፦ ዓመቱን የበላው ወንበር

ዘንድሮ ችግኝ ተክለናል፣ ግቢ አጽድተናል። እሱን ሁሉም ክበብ ስለሚጽፈው እዚህ አልደግመውም። የእኛን ዓመት የበላው አንድ የተሰበረ የቀርከሃ ወንበር ነው።

ወንበሩን ያመጣው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከእግሩ ነጭ ዱቄት እየተራገፈ እናቱን አማሯቸዋል። ሊጥሉት ሲሉ ለምኖ ይዞት መጣ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ነቀዙ ውስጥ ውስጡን ሲበላ ላዩን ለምን ተወው?

መልሱን ለማግኘት ስስ ቁራጭ ያስፈልጋል። የደረቀ ቀርከሃ ደግሞ በምላጭ አይደፈርም። ቀቅለን አለሰለስነው። እንደዚያም ሆኖ ቆዳው ጋ ሲደርስ ምላጩ ይዶለዱማል፤ የላይኛው ሽፋን ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ ያለው ጠንካራ ማዕድን) አለበት። ማይክሮስኮፓችን በመስታወት የሚሠራው ዓይነት ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ግድ የለንም፤ ፀሐይ እንደሆነ ድሬ ላይ ሞልቷል። ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ ቁራጩ እያየነው ይደርቃል። ውሃ ጠብ የሚያደርግ ልጅ መመደብ ነበረብን።

ወደ ውጭኛው ጠርዝ ጥቃቅን ጥቅሎች ተጠጋግተው ይታያሉ። ወደ ውስጥ ሲኬድ ጥቅሎቹ ይተልቃሉ፣ ግን ይራራቃሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ ውሃ የሚያሳልፉ ሁለት ሰፋፊ ቱቦዎች አሉ፤ ምግብ የሚያመላልሰው ፍሎየምም አለ። ዙሪያቸውን ጠንካራ ቃጫ ከቧቸዋል። የቀረውን ቦታ የሞላው ፓረንካይማ የሚባለው ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ነው። ከግንዱ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው፤ ቃጫው 40 በመቶ፣ ቱቦዎቹ 10 በመቶ ገደማ ናቸው። ቃጫው የሚበዛው በውጭ በኩል ነው።

አዮዲን ስንጨምርበት ፓረንካይማው ጠቆረ። አዮዲን የሚያጠቁረው ስታርችን ነው፤ ተክሉ ያጠራቀመውን ምግብ! ነቀዙ የመጣው ለዚህ ነው። ውስጡ ቀለብ፣ ጠርዙ ቃጫና ሲሊካ። ልጆቹ ጮኹ፤ ከጎናችን የሚያስተምሩት መምህርም መጥተው ተቆጡን።

«ቫርኒሽ ተቀብቶ ነበር እኮ» አለ ባለ ወንበሩ። ቫርኒሹ ላዩ ላይ ነው የቀረው። በሁለት አንጓዎች መካከል ቱቦዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ፈሳሽን ወደ ጎን የሚወስድ መንገድ የለም። የሚጠላለፉት አንጓው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የነቀዝ መድኃኒት በደንብ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍ በኩል እንጂ በቆዳው አይደለም።

ዕድሜውን ለማወቅ ቀለበት የሚፈልጉም ነበሩ። ቀርከሃ የሣር ዘመድ ነው፤ ግንድን ዓመት በዓመት የሚያወፍረው ካምቢየም የሚባል ሽፋን የለውም፣ ስለዚህ አይወፍርም፣ ቀለበትም አይሠራም። ከመሬት ሲወጣ በያዘው ውፍረት በጥቂት ወራት ቁመቱን ይጨርሳል። በቀጣዮቹ ዓመታት ይጠነክራል እንጂ አይሰፋም። ቀለበት ፈላጊዎቹ እስኪያምኑ ድረስ የጽድ ቁራጭ አጠገቡ አስቀመጥንላቸው።

ያዩትን እንዲሥሉ ስላቸው ያመጡት ሥዕል ላይ ግን ቅር ብሎኛል። ብዙዎቹ ዓይናቸው ማይክሮስኮፑ ላይ፣ ልባቸው መጽሐፉ ላይ ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለውን የበቆሎ አገዳ ሥለው አስረከቡኝ።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንፈልገው ሸመል ነው። የወንበሩ ቀርከሃ ክፍት ነው፤ የቆላው ሸመል ግን ውስጡ ድፍን ነው፣ ጥቅሎቹ መሃል ላይ እንዴት እንደተቀመጡ ማየት እንፈልጋለን። ወደ አሶሳ የሚሄድ ወላጅ ካለ ክንድ የምታህል ቁራጭ ቢያመጣልን ደስ ይለናል። ነቀዝ ያልገባበት ቢሆን ይመረጣል።