አለማያን ያቋቋመው ኮሌጅና 11 ጊዜ የተሸነፈው ቡድን

ክቡር አዘጋጅ፦

የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት፣ በተለምዶ ዩኤስኤይድ የምንለው፣ ስለ መዘጋቱ ባወጣችሁት ሐተታ ላይ አንዲት እርማት እንድታገቡልኝ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው። ጽሑፉ የአሜሪካ የእርሻ ድጋፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ድርጅቱ በ1961 ከተቋቋመ በኋላ እንደሆነ ይናገራል (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ መንግሥትና የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ የተዋዋሉት ግን በ1952፣ ዩኤስኤይድ ከመወለዱ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ነው። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትም ሆነ የአለማያ ኮሌጅ፣ ማለትም የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የዚያ ውል ፍሬዎች ናቸው።

እርማቱ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አላስተኛ ያለኝ ነገር ያ ኮሌጅ በ1957 ስሙን ለውጦ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መባሉ፣ እኔም ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለ አፈር የተማርሁበት፣ እስከ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካናማ ሹራብ ለብሼ የፉትቦል ቡድኑን የምደግፈው ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። (ፉትቦል ስል አሜሪካኖቹ የሚጫወቱትን፣ ኳሱ ሞላላ የሆነውንና እግር ከስንት አንዴ የሚነካውን ማለቴ ነው። ስሙ ለምን እንዲህ እንደሆነ ልጆቼ ሊያስረዱኝ ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል።) ቡድኑ በ2025 የውድድር ዘመን 12 ጊዜ ተጫውቶ 11 ጊዜ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ዩኤስኤይድም ተዘጋ። ሁለቱ ነገሮች በአእምሮዬ ተጣብቀው አልላቀቅ ስላሉኝ፣ በገጻችሁ ላይ ቦታ ካለ ምክንያቱን ላስረዳ።

አባቴ አለማያ የገባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ከመምህራኑ ብዙዎቹ ከኦክላሆማ የመጡ ስለነበሩ፣ እኛ ቤት ውስጥ ስቲልዋተር የሚለው፣ የኦክላሆማው ኮሌጅ የሚገኝበት ከተማ ስም ከዋሽንግተን ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አባቴ ስለ መምህራኑ ሲያወራ ከእውቀታቸው ይልቅ ደጋግሞ የሚያነሣው ከተማሪው ጋር እኩል ጭቃ ውስጥ መግባታቸውን ነው። የተጎዳ መሬት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በ1930ዎቹ የኦክላሆማ አፈር በነፋስ ተጠርጎ፣ ገበሬው ጓዙን በመኪና ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሰደድ የነበረው ትውልድ ነው ኋላ ሐረርጌ ድረስ መጥቶ አፈር ስለ መጠበቅ ያስተማረው።

ነገሩ የተጀመረው ፕሬዚዳንት ትሩማን በጥር 1949 ባደረጉት የሹመት ንግግር አራተኛ ነጥብ ላይ ነው፤ በእኛም አገር ፖይንት ፎር እየተባለ ሲጠራ የኖረው መርሐ ግብር ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። መርሐ ግብሩን እንዲመሩ የተሾሙት የስቲልዋተሩ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ነበሩ። ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው፣ በሚቀጥለው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከባለቤታቸው ጋር ቴህራን አጠገብ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ውሉ የተፈረመው እሳቸው ካለፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዋተር ድረስ ሄዱ፤ በጥር 1958 ደግሞ የአለማያውን ኮሌጅ በይፋ መረቁ። የኮሌጁ ስም ራሱ ከኦክላሆማው የተቀዳ ነበር፤ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ይባል ነበር። ኦክላሆማኖቹ ኮሌጁን ለኢትዮጵያውያን አስረክበው ውሉን የዘጉት በ1968 ነው። ሲቆጠር 16 ዓመት ይሆናል።

አሜሪካኖቹ ለጽድቅ መጡ ለማለት ፈልጌ አይደለም። ውሉ በተፈረመበት ጊዜ የኢትዮጵያ ወታደሮች ኮሪያ ውስጥ ከአሜሪካ ጦር ጋር ተሰልፈው ይዋጉ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አሜሪካ የአሥመራውን የቃኘው ጣቢያ ለ25 ዓመት የምትጠቀምበት ስምምነት ተፈረመ። ሰጪውም ተቀባዩም ምን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። እኔን የሚገርመኝ የዚያ ጥቅም ዕድሜ ነው፤ የዘራውን በዚያው ዓመት ካላጨደ የማይነቅል፣ ታጋሽ ጥቅም ነበር። የኦክላሆማ ሰዎች ባቋቋሙት በጅማው ትምህርት ቤት ካለፉት ልጆች አንዱ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ናቸው። ከጅማ አለማያ ገብተው በ1973 ተመረቁ፣ ከዚያ አሜሪካ ሄደው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከ1952 እስከ 2009 ድረስ 57 ዓመት ነው፤ ይህን ያህል አርቆ የሚያይ የበጀት ሰነድ ዛሬ የትኛው መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደሚገኝ አላውቅም። (ፐርዱም ቢሆን በ2024 12 ጊዜ ተጫውቶ 11 ጊዜ ተሸንፏል፤ እንግዲህ ከማሽላውና ከኳሱ የቱ እንደሚበልጥ ደጋፊዎቹ ይወስኑ።)

ያንኑ ትዕግሥት ሜዳ ላይ ያየሁት በአሠልጣኝ ማይክ ጋንዲ ዘመን ነው። ጋንዲ ራሱ የኦክላሆማ ልጅ ነው፤ በተማሪነቱ የቡድኑ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ አቀባዩና ጨዋታ መሪው ሆኖ፣ በ1988 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ዋንጫ ለወሰደው ለባሪ ሳንደርስ ኳስ ያቀብል የነበረው እሱ ነው። በ2005 አሠልጣኝ ከሆነ በኋላ ከ2006 እስከ 2023 ድረስ 18 ተከታታይ ዓመታት ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው በልጦበት አያውቅም። ዘዴው ቀላል ነበር። ታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ያላዩዋቸውን ልጆች ከቴክሳስና ከኦክላሆማ ትናንሽ ከተሞች ይሰበስባል፣ ሁለት ዓመት ያበላቸዋል፣ ክብደት ያስነሣቸዋል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ያሰልፋቸዋል። በ2021 በሊጉ የዋንጫ ጨዋታ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ኢንች ሲቀረው በቤይለር 21 ለ 16 የተሸነፈው ቡድን የዚህ ዘዴ ውጤት ነበር። ያን ቀን ከስታዲየሙ ወጥቼ መኪናዬን የት እንዳቆምሁ ጠፍቶኝ ነበር፤ ሽንፈቱ ግን አላሳፈረኝም።

ድሃ ነን ብዬ አላለቅስም። የምንጫወትበት ስታዲየም የተሰየመው በአንድ የነዳጅ ከበርቴ ስም ሲሆን፣ ሰውዬው ቡን ፒከንስ ለስፖርት ክፍሉ በአንድ ጊዜ የሰጡት 165 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ገንዘብ በኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ገንዘቡ የሚቆጠርበት ፍጥነት ነው። በ2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት አንድ ጊዜ፣ በ2024 ደግሞ የፈለጉትን ያህል ጊዜ፣ አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ ሳይቀመጡ ከቡድን ወደ ቡድን እንዲዘዋወሩ ሆነ። በመጨረሻም ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለአትሌቶቻቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ዩኤስኤይድ የውጭ ርዳታ መስጠቱን ማቆሙን ያስታወቀውም በዚያው በሐምሌ 1 ቀን 2025 ነው። ግጥምጥሞሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቀኑን ካስተዋልሁት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ለእንደ እኛ ያለ ቡድን ውጤቱ ፈጣን ነበር። በ2024 3 አሸንፈን 9 ተሸነፍን፤ በሊጉ ውስጥ አንድም አላሸነፍንም። በ2025 ከተሰለፉት ልጆች ከግማሽ በላዩ በዚያው ዓመት የመጡ ነበሩ። መስከረም ላይ ኦሬገን ሄደን 69 ለ 3 ተቀጠቀጥን፣ ከዚያም ተልሳ በገዛ ሜዳችን 19 ለ 12 አሸነፈን፤ ተልሳ ስቲልዋተር ላይ ከ1951 ወዲህ አሸንፎ አያውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን 170 ጨዋታ ያሸነፈው አሠልጣኝ ተሰናበተ። በደንቡ መሠረት አሠልጣኝ ሲነሣ ለተጫዋቾቹ የ30 ቀን የመልቀቂያ በር ይከፈትላቸው ስለነበር፣ የውድድር ዘመኑ ገና በሩቡ ላይ ሳለ ልጆቹ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ። እኔ ዳላስ ሆኜ በየማለዳው ስልኬ ላይ የማነበው ማን እንደተጫወተ ሳይሆን ማን እንደወጣ ሆነ። የሰልፍ ዝርዝሩን ይዤ ቁጥር ካላየሁ የራሴን ቡድን ልጆች መለየት አቃተኝ።

የዓለም ፖለቲካም በየዓመቱ የሚያስፈርምና የሚያሰናብት ቡድን እየመሰለኝ መጥቷል። በ2025 አሜሪካና ዩክሬን በማዕድን ላይ ሲፈራረሙ፣ ክርክሩ ሁሉ የተሰጠው ድጋፍ በምን ይመለሳል የሚል ነበር። እኛም ቤት እንዲሁ ነው፦ ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በጥር 2022 ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስትወጣ፣ ሐዋሳ ላይ ስፌት ሲማሩ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ሙያው በእጃቸው ገና ሳይገባ ከሥራ ወጥተዋል። ለጦርነቱ ጥብቅና አልቆምም፤ ከዋሽንግተን ጋር መጣላት ካለ ግን ተማሪዋን ከስፌት መኪናዋ ሳያስነሡ መጣላትም ይቻል ነበር። በእርሻ ምርምር ላይ የደረሰው ደግሞ ለእኔ ለአፈር ተማሪው የበለጠ ይገባኛል። በሊጉ ተፎካካሪያችን በሆነው በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዩኤስኤይድ ገንዘብ ይካሄድ የነበረው የእህል ምርምር በ2025 ቆሟል። አንድ አዲስ የእህል ዝርያ በተለመደው መንገድ አዳቅሎ ለገበሬ ለማድረስ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። በአራተኛው ዓመት ላይ የተቋረጠ ማዳቀል አርባ በመቶ አተረፈ አይባልም፤ ዘሩ ከረጢት ውስጥ ይቀራል፣ የትኛው መስመር ከየትኛው እንደተዳቀለ የሚያውቀው ባለሙያም ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ተጫዋቾቹ ስለሄዱ አልተቀየምሁም። ጥቁሩም ነጩም የድሃ ልጅ ለዘመናት ጉልበቱን እየሰበረ በነፃ ሲጫወት፣ አሠልጣኙ በሚሊዮን ሲከፈለው ኖሯል፤ ልጆቹ ድርሻቸውን ማግኘታቸው የዘገየ ፍርድ ነው። ጎንደር ወይም ጅማ ተምሮ ዛሬ ዳላስ ውስጥ የሚሠራውን ሐኪም ለምን ሄድህ ልለው እንደማልችል ሁሉ፣ የተሻለ ያገኘውን የ20 ዓመት ልጅ ለምን ሄድህ አልለውም። እኔ ራሴ ሄጃለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ አሁን ባለው ሥርዓት አንድን ልጅ አራት ዓመት መታገሥ ለአሠልጣኙ ኪሳራ ሆኖበታል፤ ያሳደገውን ሌላው ይገዛዋልና። የውጭ ርዳታውም እንዲሁ ነው። 16 ዓመት የሚታገሥ ሹም ቢገኝ እንኳ፣ ከአራት ዓመት በኋላ የሚመጣው ተተኪው ያቆመውን ያፈርስበታል። ኦክላሆማኖቹ አለማያን ሲሠሩ ዋሽንግተን ውስጥ አራት ፕሬዚዳንቶች ተፈራርቀው ነበር፤ ትሩማን፣ አይዘንሃወር፣ ኬኔዲና ጆንሰን፣ ሁለቱም ፓርቲዎች ማለት ነው። ውሉን ግን አንዳቸውም አልቀደዱትም።

አሁን አዲስ አሠልጣኝ አለን። ኤሪክ ሞሪስ የመጣው ከኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዴንተን ከተማ ላይ፣ ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። በ2025 በትምህርት ቤቱ ታሪክ ታይቶ የማያውቅ ዘመን አሳልፎ፣ ለእኛ ሲፈርም ኳርተርባኩም ተከትሎት መጣ። ልጁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኳርተርባክነት ቋሚ ተሰላፊ እንኳ ያልነበረ፣ ያለ ስኮላርሺፕ ገብቶ ኖርዝ ቴክሳስ አሳድጎ ያወጣው ነው፤ ጋንዲ ድሮ እየፈለገ የሚያመጣው ዓይነት ልጅ መሆኑ ነው። እኛ ግን ተዘጋጅቶ አገኘነው። በቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ውስጥ ከኖርዝ ቴክሳስ የተመረቀ አንድ ወዳጅ አለኝ። ዜናው በተሰማ ሰሞን ቡና ላይ ተቀምጠን ጋሼ፣ የኛን ልጅ ወሰዳችሁት አይደል አለኝ። እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። ይህን ደብዳቤ በዚያን ጊዜ ጀምሬው ስለነበር የምመልሰው አጣሁ።

የዓመቱን ቲኬት ግን ገዝቻለሁ። የ1952ቱን እርማት እንድታወጡልኝ በድጋሚ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ