ለወንድሜ፤ ስለ ነፋሱና ስለዚያች ማለዳ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ 3 ዓመት አለፈ። ስለ ዝምታዬ ይቅር በለኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ፣ አስቀድሜ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ስታድን የሰውነትህን ጠረን በምን እንደምትደብቅና አባቴ በዘመናቸው ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቀኸኝ ነበር። ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ከሰል የተዋሐደው ልብስ፣ በጠርሙስ የሚሸጥ የቀበሮ ሽንት ሳይቀር ገዝተህ፣ እነዚያ ነጭ ጭራ አጋዘኖች አሁንም ከሩቅ እያወቁህ እንደሚሸሹ ጽፈህልኛል። የአጎትህን ሽቶ ተቀብተህ ገበያ ትወርድ የነበርክ ልጅ ዛሬ ጠረን ለማጥፋት ገንዘብ ማውጣትህ ብቻዬን አሳቀኝ።

አባቴ፣ እንደምታስታውሰው፣ ማታ ጋቢያቸውን በወይራ ጭስ ያጥኑ ነበር። እኔም ጠረናቸውን የሚሸፍነው ጭሱ ይመስለኝ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በደንቆሮ ጫካ እስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ሆኜ ድኩላ መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሐሳቤ ተለውጧል። እናቶቻችን ከአንድ ወጥ ውስጥ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን ለይተው እንደሚያውቁ ሁሉ፣ ድኩላም ከጭሱ ሥር ያለውን ሰው ለይቶ ያሸታል፤ የአንተ የቀበሮ ሽንትም ቢሆን በሰው ጠረን ላይ ሌላ ጠረን ከመጨመር ያለፈ ነገር አያደርግም። ሳሙናው መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ላብ ራሱ ሲወጣ ብዙም አይሸትም፤ የሚሸተው ቆዳችን ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት ነውና ታጥበህ አንድ ዳገት እንደወጣህ ተመልሶ ይመጣል። ከሰሉም ሽታውን በቀዳዳዎቹ ይዞ ያስቀራል፣ ሲሞላ ግን ሥራው ያበቃል፤ ደግሞስ ትንፋሽህን ምን ታለብሰዋለህ?

የአባቴ ምስጢር ጭሱ ሳይሆን አመዱ ነበር። በክብሪት ቀፎ ይይዙት የነበረውን አመድ አስታወስከው? በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ይለቁትና ወዴት እንደሚሄድ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ ቀዝቃዛው አየር በሸለቆው ወደ ታች ስለሚፈስ አዳኙ ከድኩላው በታች መቀመጥ አለበት፤ ዳገቱ በፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ ደግሞ ቦታው ይገለበጣል። ንጋቱ ወደ ረፋድ የሚለወጥባት ያች ሰዓት ግን አየሩ ወዲህም ወዲያም ይላል፣ ያን ጊዜ ከመንቀሳቀስ መታገሥ ይሻላል።

ባለፈው ጥር በዚሁ መንገድ ከአስታው ዛፍ ሥር ተቀምጬ አንድ ወንድ ድኩላ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ድረስ መጣልኝ። ጥቁር ነው፣ የምኒልክ ድኩላ የምንለው፤ አፍንጫው ርጥብ ሆኖ ያበራል፣ በየጊዜው በምላሱ ይልሰዋል፣ ከዚያም አንገቱን ቀና አድርጎ አየሩን ይስባል። ያልታጠበ የሥራ ልብስ ለብሼ ነበር፤ ነፋሱ ግን ከእርሱ ወደ እኔ ስለነበር ጎንበስ ብሎ መብላቱን ቀጠለ። እንባዬ መጣ፣ ወንድሜ። ደስታው አንድ ነገር ነው፤ ያስለቀሰኝ ግን ያች ማለዳ ናት።

እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም። አባቴ ሁለታችንን ከገደሉ በታች አስቀምጠውን ወደ ማዶ ሲሻገሩ እኔን ብርድ ጠናብኝና፣ አንተ እንቅልፍ ሸለብ ባደረገህ ጊዜ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ላይ ወጣሁ። ከድኩላው በላይ ሆንኩ ማለት ነው፤ አየሩም ጠረኔን ይዞ ወረደለት። እንደ ውሻ ጮኾ ሲሮጥ ሰማሁት። አንተ የሳልከው ከጩኸቱ በኋላ ነበር። አባቴ ግን የሰሙት ሳልህን ስለነበር "ይህ ልጅ ሁለተኛ ከእኔ ጋር አይወጣም" አሉ፤ እኔ ከጎናቸው ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ደብዳቤህ የደረሰኝ የአባቴ አርባ በወጣ ሰሞን ነው። ለእሳቸው ሳልነግራቸው ማረፋቸው ሲከነክነኝ፣ አንተ ደግሞ የእሳቸውን ጥበብ በፍቅር ትጠይቀኝ ነበር። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ እምቢ ያለኝ ለዚህ ነው።

አደኑ በሚከፈትበት በኅዳር ያን ውድ ልብስ ብትለብስም ባትለብስም፣ አመድ በክብሪት ቀፎ ያዝ። የጎማ ጫማህን አትተው፤ ከቆዳ ጫማ ይልቅ በዱካህ ላይ ጥቂት ጠረን ይተዋል። ከምታደባበት ዛፍ ላይ ሆነህ አመዱ ወዴት እንደሄደ፣ አጋዘኖቹም ምን እንዳደረጉ ጻፍልኝ። ስለዚያች ማለዳም የምትለኝ ካለ፣ ቁጣም ቢሆን፣ ሳታስቀር ጻፈው።

ወንድምህ፣
ከሳይንት