ለወገብህ ብዬ ነው

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! አንተም ሥራ፣ እኔም ሥራ፣ ዓመቱ ዝም ብሎ ሄደ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰሞኑን እህትህን ታክሲ ተራ አግኝቻት ስላንተ ጠየቅኳት። «ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ነው የሚውለው፤ ወገቡን ያመዋል፤ ጂሙንም ተወው» አለችኝ። ከሰፈር ኳስ ሜዳ መጨረሻ ላይ የሚወጣው አንተ አልነበርክ እንዴ? ሆዴ አልቻለም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

ጂሙ ይቅር፤ ብረትም አትግዛ። ኮሪደርህ ይበቃሃል። ልጆቹ «ቤር ክሮል» የሚሉትን በአራት እግር መዳህ ሥራ። መዳፍህን ከትከሻህ ሥር፣ ጉልበትህን ከዳሌህ ሥር አድርገህ ተንበርከክ። የእግር ጣቶችህን አጥፈህ ወለሉን አስረግጣቸው። ከዚያ ጉልበትህን አንሣ፤ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ብቻ። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ጉልበትህ ከፍ ካለ መቀመጫህ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሆድህም ሥራውን ይተዋል። ዝቅ ብሎ ሲቆይ ግን ሆድህ፣ ትከሻህና ጭንህ ባንዴ ይያዛሉ። መጀመሪያ ሳትንቀሳቀስ 20 ሴኮንድ ቆይ። ያንቀጠቅጥሃል፤ አይዞህ።

እሱ ሲለምድልህ ተራመድ። ቀኝ እጅና ግራ እግር አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ግራ እጅና ቀኝ እግር። እርምጃህ ከስንዝር አይለፍ። አንዱን ነጠላ ጫማህን ወገብህ ላይ አስቀምጠው። ከወደቀ ዳሌህ እየተወዛወዘ ነው ማለት ነው፤ ቀስ በል። ሰው ሳስጀምር ከዚህ ጫማ የተሻለ አሰልጣኝ አላየሁም። በፍጥነት መሄድ ጉብዝና የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ በጭራሽ አልስማማም። የሚከብደውም የሚጠቅመውም ዝግታው ነው። 5 ሜትር ያህል ከሄድክ በኋላ ሳትዞር ወደኋላ ተመለስ። ያኔ ጭንህ እሳት ይሆናል።

ትንፋሽህን እንዳትይዝ፤ በቤታችሁ ደም ግፊት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ቶሎ እናለከልካለን። አንተ ያለህባት የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ዝቅ ያለች ናት፤ ትንፋሹ ይቀልሃል። የእጅህ አንጓ ካመመህ ጣቶችህን ጨብጠህ በቡጢህ ተደገፍ።

አደራህን ግን፣ ሕመሙ ወደ እግርህ የሚወርድ ወይም እግርህን የሚያደነዝዝህ ከሆነ ከሁሉ በፊት ሐኪም ይይህ። ይህን ለነገ እንዳትለው።

ካልሆነ ዛሬ ማታ ከእራት በፊት ሞክረው። ልጆችህም አብረውህ ይዳሁ፤ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ደውልልኝና ቀድሞ የደከመህ ትከሻህ ይሁን ጭንህ ንገረኝ፤ ቀጥሎ ምን እንደምትጨምር ያንን ሰምቼ እነግርሃለሁ።

ናፍቀኸኛል።

ወንድምህ