ስለ ዓባይ ድልድይ ገመዶችም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ርዝመቱ 380፣ ስፋቱ 43 ሜትር መሆኑን ሁላችንም ሰማን። ማታ መብራቱ በርቶ የተነሣውን ፎቶም አይተን አልጠገብንም። ከስልሳ ዓመት በላይ ባገለገለው በአሮጌው ድልድይ ላይ ከባድ መኪና በመጣ ቁጥር ጥግ ይዤ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ደስታው የኔም ነው።

ያጣሁት አንድ ነገር ነው። የድልድዩን ወለል ከማማው ጋር አያይዘው የያዙትን የብረት ገመዶች ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚፈትሻቸው የሚነግረኝ ጽሑፍ እስካሁን አላነበብኩም።

የገመድ ድልድይ ስታቋርጡ ገመዱ ወደ ወለሉ የሚገባበትን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩት። ዝናቡ ሽፋኑን ይዞ ቁልቁል የሚወርደው እዚያ ድረስ ነው። ማሸጊያው ከላላ ውሃ ይገባል፤ ውስጥ ያሉት የብረት ክሮችም መዛግ ይጀምራሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሽፋኑ እንዳማረበት ነው።

በጣሊያን የኢንዱስትሪ ከተማ በሆነችው ጄኖቫ፣ በፖልቼቬራ ወንዝ ላይ በ1959 ዓ.ም. የተከፈተው የሞራንዲ ድልድይ ጥቂት ገመዶች ብቻ ነበሩት፤ እነሱም በኮንክሪት ተሸፍነው ነበር። አንዱ ቢበጠስ ሸክሙን የሚቀበለው አልነበረም። ነሐሴ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ዝናብ እየጣለ ሳለ ተደረመሰና 43 ሰዎች አለቁ። ዝገቱ ኮንክሪቱ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ቆይቶ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። የኛው ድልድይ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ማማው አጠር ያለ፣ ወለሉም ራሱ ጠንካራ ስለሆነ ሸክሙን ከገመዶቹ ጋር ይካፈላል። የተጎዳ ገመድም ሊተካ ይችላል፣ ጉዳቱ በጊዜ ከታወቀ። ክራር የሚቃኝ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ክሩ ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። መሐንዲሶችም የገመዱን ንዝረት ለክተው ውጥረቱን ያውቃሉ። ግን የዛሬው ልኬት ትርጉም የሚኖረው ከመጀመሪያው ልኬት ጋር ሲነጻጸር ነው። መዝገቡ ከጠፋ ወይም መሳቢያ ውስጥ ከተረሳ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ምን ላይ ይቆማል?

ስለዚህ አንድ ዘጋቢ ላኩልን። የመጀመሪያው ልኬት የት እንደተቀመጠ፣ ቀጣዩ ፍተሻ መቼ እንደሆነ፣ ለጥገናው በየዓመቱ በጀት ይያዝ እንደሆነ ይጠይቅ። መልሱንም የምረቃው ፎቶ በወጣበት በፊት ገጽ ላይ አውጡት።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር