ከውስጥ እግር የተቆረጠ ሁሉ ኪንታሮት አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አማርኛችን ላብ ለሚያመነጨው አካልም፣ በእሱ ላይ ለሚነሣው በሽታም «ዕጢ» የሚል አንድ ስም ነው የሰጠው። ታካሚዎች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ደብዳቤ ጤነኛውን «ዕጢ»፣ በሽታውን «እብጠት» እንላለን።

የሰው ቆዳ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢዎች አሉት፤ ጥቅጥቅ ብለው የሚገኙትም መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ነው። እያንዳንዱ ዕጢ ከታች የተጠቀለለ ላብ አመንጪ ክፍል፣ ከእሱ በላይ በሁለት ረድፍ ሕዋሳት የተሠራ ቱቦ፣ በመጨረሻም የላይኛውን ቆዳ እየተጠማዘዘ የሚያልፍ መውጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 ፖሮማ የሚል ስም የተሰጠው እብጠት የሚመስለው ይህን መውጫ ነው። ሮዝ ወይም ቀይ፣ እርጥበት ያላት ጉብታ ናት፤ ብዙ ጊዜ ዙሪያዋን እንደ ቦይ የጎደጎደ ቀለበት ይከባታል፤ ጫማ ሲፈትጋት በቀላሉ ትደማለች። ኪንታሮት ናት ተብላ ትቃጠላለች፣ ወይም ተቆርጣ ቆሻሻ ውስጥ ትጣላለች። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሰዎች ላይ ሜላኖማ፣ ማለትም ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሕዋሳት የሚነሣው ካንሰር፣ አዘውትሮ የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ ነው፤ ቀለም የሌለው ሜላኖማ ደግሞ በዓይን ሲያዩት ቁርጥ ፖሮማን ሊመስል ይችላል።

በማይክሮስኮፕ የፖሮማ ሕዋሳት ትንንሽና አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከጎረቤት የቆዳ ሕዋሳት በጠራ ድንበር ይለያሉ፤ በመሃላቸው ጠባብ ቱቦዎች ይታያሉ። ታዲያ ቱቦ ሠሩ ማለት ከቱቦ ተነሡ ማለት አይደለም። መልካቸው የሚነግረን ወደ ምን እየበሰሉ እንደነበር እንጂ ከየት እንደመጡ አይደለም። አንዳንድ ፖሮማ ውስጥ የቅባት ዕጢና የፀጉር ሥር ሕዋሳት ይገኛሉ። በፅንስ ጊዜ ፀጉር፣ የቅባት ዕጢና የብብት ዓይነቱ ላብ ዕጢ የሚወጡት ከአንድ ቡቃያ ነው፤ የውስጥ እግሩ ላብ ዕጢ ግን ለብቻው ከላይኛው ቆዳ ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉንም ፖሮማ የውስጥ እግሩ ዓይነት ዕጢ ልጅ አድርጎ መጻፍ ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በብዙ ፖሮማዎችና በካንሰሩ መልክ በፖሮካርሲኖማ ውስጥ ዋይኤፒ1 የተባለው ጂን ከኤምኤኤምኤል2 ወይም ከኤንዩቲኤም1 ጋር ተጣብቆ መገኘቱ ታወቀ። ይህ ለምርመራ ከመልክ የጠነከረ መያዣ ነው።

ፖሮካርሲኖማ ከባዱ ፈተና ነው፤ ከጡት ወደ ቆዳ የተዛመተ ካንሰር ሊመስል ይችላልና። ናሙና ላይ የተወሰኑ ፕሮቲኖችን በቀለም ከሚያሳዩት ማቅለሚያዎች ኢኤምኤና ሲኢኤ የተባሉት ቱቦዎቹን ያሳያሉ። ፒ63 የተባለው ሌላ ማቅለሚያ በቆዳው በራሱ በተነሣ እብጠት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይቀባል፣ ከጡት በመጣው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቀባም። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልነው አውቀን ነው፤ በአንድ ማቅለሚያ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። የምርመራ መጠየቂያው ላይ የታካሚው የቀድሞ ካንሰር ካልተጻፈ፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም ይህን ጥያቄ እንኳ ላያነሣ ይችላል።

የናሙናው አወሳሰድ ግማሹን ውጤት ይወስናል። ከላይ ብቻ የተላጨ ቆዳ አይበቃም። ማይክሮሲስቲክ አድኔክሳል ካርሲኖማ የሚባለው የላብ ቱቦ ካንሰር ከላይ ሲታይ ሲሪንጎማ የሚባለውን ጉዳት የሌለው የላብ ቱቦ እብጠት ይመስላል፤ ነርቭ ተከትሎ ሲሰርግ የሚታየው ከሥር ነው። በ4 ሚሊ ሜትር የቆዳ መብሻ መሣሪያ ከቆዳው በታች እስካለው ስብ ድረስ ይወሰድ፤ ትንሽ ከሆነ ሙሉው ይነሣ። በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ጠርዝ ሕዋሱ ስለሚጨማደድ አይነበብም።

ናሙናው ወዲያው ከራሱ ይዘት ቢያንስ 10 እጥፍ በሆነ፣ አሲድነቱ በጨው በተስተካከለ 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይግባ፤ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይቆይ። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰርግ ወፍራሙ ይሰንጠቅ። ያልተስተካከለ አሲዳማ ፎርማሊን ደም ባለበት ሥጋ ላይ ቡናማ ጥቁር ቅንጣት ያስቀራል፤ ውስጥ እግር ላይ ለበቀለች፣ ለምትደማ ጉብታ ይህ ቅንጣት የሜላኖማ ቀለም መስሎ ሐኪም ያሳስታል። የታየው ቀለም ፎርማሊን ያመጣው መሆኑን በአልኮል የተበጠበጠ ፒክሪክ አሲድ ይለያል፤ የፎርማሊኑን ያጥበዋል፣ የሜላኖማውን አይነካውም።

ታካሚም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ የውጤቱን ወረቀት ብቻ ይዞ አይሂድ፤ የፓራፊን ብሎኩን፣ ማለትም ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀበረበትን ቁራጭ፣ ጭምር ይጠይቅ። ተጨማሪ ማቅለሚያም ሆነ የጂን ምርመራ የሚሠራው ከብሎኩ ነው።

ሁለት የፓቶሎጂ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ