የልጅ ልጅሽ አደራ

ቶሮንቶ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትይኝ ይሆናል። ባለፈው እሑድ መስመሩ እየተቆራረጠ ነገሩን በቅጡ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ደግሞም ይሄ በወረቀት እንዲቀመጥልኝ ፈለግሁ።

በ2015 ለጥምቀት ጎንደር ስንመጣ የልጅ ልጅሽ 13 ዓመቷ ነበር። እኔ ፋሲልን ላሳያት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ላሳያት ስሯሯጥ፣ የሷ ልብ የቀረው አንቺ በር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የበዓታ ቤተ ክርስቲያን የቆሎ ተማሪዎች ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ እየሰማች ትነቃ ነበር። አንድ ቀን ቁራሹን ለሷ ሰጠሻትና ወስዳ ሰጠች። ልጁ እኩያዋ ነው። ውሻ የነከሰው እግሩን በጨርቅ አስሮታል። «እናቱ የት ናት?» ብላ ጠየቀችሽ። «አገሩ ሩቅ ነው። ቤተሰቡ መጥተው እንዳይመልሱት ርቆ ይሄዳል፤ ለምኖ እየበላ ይማራል» አልሻት። ያን ማታ እራት አልበላችም።

እዚህ ከተመለስን በኋላም ጥያቄዋ አላለቀም። በዓታ የአቋቋም፣ ማለትም የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ መሆኑን ነገርኳት። ከየአገሩ መጥተው መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ዓመታት እንደሚደክሙበት ነገርኳት። «ታዲያ ይሄን ሁሉ የሚማር ሰው ለምን ይለምናል?» አለች። ትሕትና እንዲማር ነው፤ ደግሞም የሚያበላው ሌላ የለውም አልኳት። ሁለቱም እውነት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ፣ ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ነገር የሚመጣ አይመስለኝም።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በረዶው ደጃፉን ሁሉ ዘጋው። አካፋ ይዛ ወጣች። የጎረቤት በር እያንኳኳች «በረዶውን ልጥረግላችሁ፤ የምትሰጡኝ ጎንደር ላሉ ተማሪዎች ነው» ትላለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ አልወደድኩትም። ልጄ የሰው በር ስታንኳኳ ማየት ከበደኝ። ገንዘቡን እኔ ልስጥሽ ብላት «እነሱም እኮ በር ያንኳኳሉ» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? ዝም አልኩ።

አንዳንዱ ሳይከፍትላት ቀረ። አንዱ ጮኸባት። እጇ በብርድ ቀልቶ፣ እያለቀሰች ገባች። በቃ ተወችው ስል በማግስቱ ደግማ ወጣች። «እምቢ ሲሉኝ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል» አለች። ጾሙ ሲገባ የምሳዋን ገንዘብ ማስቀመጥ ጀመረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ከእናቷ ጋር የጋገሩትን ድፎ ትሸጣለች።

አንድ በደል ሠርቻለሁ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ሕዝቡ ፊት ስሟን ጠርቼ ተናገርኩ። ተጨበጨበላት። ቤት እንደገባን «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይላል እኮ ወንጌሉ» ብላ አለቀሰች። ልጄን ቁጭ ብዬ ይቅርታ ለመንኳት። ስለዚህ እናንተም ጋ ስሟ እንዳይነሳ።

የተሰበሰበው 1,340 ዶላር ነው። በባንክ እልክልሻለሁ። ከዚህ በፊት እዚህ ለሌላ ጉዳይ አዋጥተን ገንዘቡ የት እንደገባ ሳናውቅ ቀርቷል፤ ሰው እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው። እሷ ይህን ስለሰማች 2 ዶላር የሰጠ ሕፃን ሳይቀር በደብተር ጽፋለች። አንቺም የተገዛበትን ደረሰኝ ያዥልን።

ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ዶላሩ ብዙ ብር ቢያወጣም፣ ጤፉም ዘይቱም አብሮ መውጣቱን ታናሽ እህቴ ነግራኛለች። ስለዚህ እኛ ከዚህ ሆነን ይሄ ይገዛ አንልም። መጀመሪያ የኔታን ጠይቂ። እኔ ብርድ ልብስና ሳሙና መስሎኝ ነበር። ግን ክረምቱ ሳይገባ የተማሪዎቹ ጎጆ ክዳን ይብስ ይሆናል። እሳቸው የሚሉት ይሁን። ሲቀበሉ ማንም ፎቶ እንዳያነሳቸው፤ ይሄ የልጅቱ ቃል ነው። ጎረቤቶችሽም ጠዋት ጠዋት ውሻቸውን እንዲያስሩ ንገሪልኝ ብላለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከእኛ ቀጥሎ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት አሉ። ባላቸው መስከረም ላይ ነው የሞቱት። ደጃቸው ተጠርጎ ነበር፤ ቢሆንም ልጅቱን አስገብተው ሻይ አጠጧት። 50 ዶላርም ሰጧት። «እነዚያ ልጆች ይጸልያሉ?» ብለው ጠየቋት። «ሌሊትም ቀንም» አለቻቸው። «እንግዲያው ባሌን ያስቡልኝ» አሏት። ቃል ገብታ መጣች። ሰውየው እኮ የክርስትና ስማቸውን አናውቅም፣ በምን ስም ይጠራሉ ብላት «የኔታ ያውቁበታል» አለችኝ።

እማዬ፣ ጠይቂልን።

ልጅሽ