ከሩጫው ውጪ ስንት አገኘን?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጆች፤

ሰላምታዬ ከደሴ ይድረሳችሁ። የመላ አፍሪካ ጨዋታ በመጣ ቁጥር የሜዳሊያ ሠንጠረዥ ታወጡልናላችሁ። ሸጋ ነው። ችግሩ ሠንጠረዡ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስና ደረጃ ብሎ ያበቃል። ከዚያ እኛ እዚህ ፒያሳ ቡና ላይ ቁጭ ብለን መከራከር እንጀምራለን። ግማሹ «ልጆቹ አኮሩን» ይላል። ግማሹ «ግብፅ እንዴት እንዲህ ጥላን ትሄዳለች?» ብሎ ይበሳጫል። ሒሳቡን የሚሠራ ግን የለም።

እስቲ እንሥራው። ሌላው እኛን የሚፈራን ከ800 ሜትር እስከ ግማሽ ማራቶን ባለው ሩጫ ነው። 800፣ 1,500፣ 3,000 መሰናክል፣ 5,000፣ 10,000 እና ግማሽ ማራቶን። ወንድና ሴት ሲደመር 12 ወርቅ። ማንም ሳይነካን ሁሉንም ብንጠርግ እንኳ ከዚያ አናልፍም። ኬንያና ኡጋንዳ ደግሞ ለሽርሽር አይመጡም።

አሁን ክብደት ማንሳትን እዩ። ተወዳዳሪዎቹ በሰውነታቸው ክብደት በኪሎ ምድብ ይከፈላሉ፤ ኦሎምፒክ ላይ ለአንድ የኪሎ ምድብ የሚሰጠው አንድ ወርቅ ነው። በመላ አፍሪካ ጨዋታ ግን ለአንዱ ምድብ 3 ወርቅ ተቀምጧል። አንዱ ብረቱን ከመሬት አንስቶ በአንዴ ከአናት በላይ ላደረሰ ነው። ሌላው መጀመሪያ ትከሻው ላይ አሳርፎ ከዚያ ወደ ላይ ለገፋ። ሦስተኛው ለሁለቱ ድምር። አንድ ጠንካራ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ 3 ወርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሊወጣ ይችላል። ብረቱን የሚያነሳው ቢበዛ 6 ጊዜ ነው። ሯጫችን ሱሌ ኡቱራ በ2011 ማፑቶ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ያሸነፈችውን አስታውሱ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት)። 2 ወርቅ ለማምጣት 15 ኪሎ ሜትር ሮጣለች! ጀግና ናት፤ ግን ሠንጠረዡ ላይ ከአንድ ክብደት አንሺ ታንሳለች። ግብፅ በ2015ቱም፣ በ2019ኙም፣ በአክራውም አንደኛ ስትወጣ እንዲህ ያሉ ስፖርቶችን ይዛ ነው። ውሃ ዋና ብቻውን ከ30 በላይ ወርቅ አለው። ገንዳ ግን ውድ ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

ሩጫችንን እያጣጣልኩ እንዳይመስልባችሁ። ማሞ ወልዴ በ1973 ሌጎስ ላይ ማራቶኑን ሲወስድ ምሩፅ ይፍጠር 10,000ውን ወሰደ። በላይነህ ዲንሳሞ በ1987 ናይሮቢ ላይ፣ ያውም ኬንያ መሬት ላይ፣ ማራቶን አሸንፎ በዓመቱ ሮተርዳም ላይ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። መሠረት ደፋር በ2003ም በ2007ም 5,000ውን ለማንም አልሰጠችም። «ትልልቆቹ ሯጮች ለአፍሪካ ጨዋታ ደንታ የላቸውም» የሚሉም አሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ግን ጽጌ ዱጉማ በማርች 2024 ግላስጎው ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ሆና፣ ያው ወር ሳያልቅ አክራ ላይ 800ውን ደገመችው። በክረምቱ ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ብር ጨመረችበት። እና ሯጮቻችን ላይ ሌላ ምን እንጨምርባቸው? የድርሻቸውን አድርገዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሰፈሬ ነው። ከቤቴ ጀርባ ያሉ ጎረምሶች በቆርቆሮ አጥር የከለሏት አንዲት ጂም አለቻቸው። ብረታቸው የውሃ ቧንቧ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ትልልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው ተክለውበታል። አንዱ ጣሳ ሲሚንቶው ሲቦካ አሸዋ በዝቶበት ነው መሰለኝ ይቀላል፤ ስለዚህ ጨርቅ ጠቅልለው በሽቦ አስረውበታል። ቧንቧው መሃሉ ላይ ጎብጧል። ስንት ኪሎ እንደሚያነሱ ለማወቅ ወፍጮ ቤት ወስደው ከእህል ጋር ተሰልፈው አስመዘኑት። ባለወፍጮው ተቆጥቶ ነበር አሉ።

እነዚህ ልጆች ብረት የሚያነሱት ለጡንቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለፎቶም ነው። የኪሎ ምድብ የሚባል ነገር መኖሩን፣ አጭርና ቀላል ልጅም ከእኩያው ጋር ተወዳድሮ ወርቅ ሊያመጣ እንደሚችል የነገራቸው የለም። የሐረጎን ዳገት በሩጫ የሚወጣ ልጅ ሲያዩ «ቀጣዩ ቀነኒሳ» የሚሉ ሰዎች እነዚህን «ሥራ ፈት» ይሏቸዋል። መቼም ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ወጣት ሁሉ ሯጭ አይሆንም። ከሆነስ? በአንድ ውድድር ከአንድ አገር የሚገባው 3 ሰው ብቻ ነው። የቀረው ምን ይሁን?

ሠንጠረዡን ያነሳሁት ለዚህ ነው። የሜዳሊያ ድምር ብቻ ስናነብ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ሩጫው ይሸፍነዋልና። ስንት ስፖርት ላይ እንደተሳተፍን፣ ስንቱ ላይ ሰው እንኳ እንዳላስመዘገብን ማን ይጠይቅ? ጋዜጠኛ ካልጠየቀ የስፖርት ኃላፊዎች በራሳቸው ተነስተው አይነግሩንም።

ቀጣዩ ጨዋታ በ2027 ካይሮ ላይ ነው። ግብፅ በሜዳዋ ጭራሽ እንደምትብስ ካሁኑ እወቁት። የምለምናችሁ ቡድኑ ከመሄዱ በፊት በየትኛው ስፖርት ስንት ሰው እንደተላከ እንድታወጡልን ነው። ሲመለስ ደግሞ ከሠንጠረዡ ሥር አንድ መስመር ጨምሩልን፤ «ከአትሌቲክስ ውጪ የተገኘ» የሚል። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብላችሁ ጻፉት።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ ከደሴ